ሦስተኛዋ አንባቢ

ትምህርት ቤቱ ለበጋ ዕረፍት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ዳይሬክተሩ ሄሰል መምህራኑን ሻይ ክፍል ሰበሰበና የሂስከን የልብ ሥራ ለሦስት ከፈለው።

ክፉ አስቦ አልነበረም። ሄሰል ክፉ ለማሰብ ጊዜ ያለው ሰው አይደለም፤ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው በብስክሌት ሲሮጥ የሚውል ሰው ነው። ሂስከ ግን ነገሩን እንዲህ ቀለል አድርጋ ልታየው አልቻለችም።

ሂስከ በፍሪስላንድ አውራጃ፣ ከስኔክ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት የሐይቅ ዳር መንደር ለትንንሽ ልጆች ንባብ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ዘንድሮ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞላት። በየበጋው አዲስ የወጡትን የልጆች መጻሕፍት እያነበበች፣ በሚመጣው ዓመት በየክፍሉ ጮክ ተብለው የሚነበቡትን የምትመርጠው እሷ ነበረች። ለዚህ ሥራ ማንም አልሾማትም፤ መንደሩ ግን ያውቃል። ወላጆች ዳቦ ቤት ሲያገኟት "ዘንድሮስ ምን አገኘሽልን?" ይሏታል። እሷም የስኳር ዳቦዋን በክንዷ ሥር ሸጉጣ ቆማ ታወራቸዋለች፤ ዳቦው እስኪቀዘቅዝ።

ብቻዋን ግን አንብባ አታውቅም። ፌና ነበረች። ፌና የትልልቆቹ ልጆች መምህርት ናት፤ አላገባችም፤ ከቤቷ ፊት ለፊት ካለው ቦይ ዳር የታሰረች አሮጌ የእንጨት ጀልባ አለቻት። ሁለቱ ሴቶች በየበጋው እዚያች ጀልባ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና መጽሐፍ እየተቀባበሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። አንዷ ተኩላ ስትሆን ሌላዋ ጥጃ ትሆናለች። በታንኳ የሚያልፉ እንግዶች ቀዘፋቸውን አቁመው ያዩአቸዋል። ሂስከ ከባሏ ከዎበ ጋር ትዳር ይዛ ልጆች አሳድጋለች፤ እንባዋ እስኪወርድ የሳቀችው ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ ጀልባ ላይ ነው።

"ዘንድሮ መጻሕፍቱን ሦስት ሆናችሁ ብትመርጡ ብዬ አሰብኩ" አለ ሄሰል። "ሂስከ፣ ፌና እና ሪክስት። ደግሞ ታብሌቶቹም መጥተዋል፤ ትልቁ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳም ተሰቅሏል። ሪክስት በዚህ በኩል እጇ የተፍታታ ነው። በጋውን መጻሕፍቱንም ዕቃውንም አንድ ላይ ሞክሯቸውና፣ ትምህርት ሳይጀመር ለሁላችንም ታሳዩናላችሁ።"

ሪክስት ባለፈው ክረምት በወሊድ ፈቃድ የወጣች መምህርት ተክታ የመጣች፣ ሠላሳ ያልሞላት ረጅም ልጅ ናት። ኮንትራቷ የአንድ ዓመት ነው።

"ደስ ይለኛል" አለች ሪክስት።

"እኔም" አለች ፌና፤ ከልቧ ነበር።

ሂስከም ፈገግ አለች። ሻይዋ ግን አፏ ውስጥ ሬት ሆነባት።

ዕረፍቱ በገባ በሳምንቱ ሂስከ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት ብስክሌቷ ላይ ጭና ወደ ጀልባዋ ሄደች። ሪክስት ቀድማ ደርሳ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ሂስከ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ሰማያዊ ትራስ ላይ ተቀምጣለች። ፌና ደግሞ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጡጫ የምታህል ባለ ጎማ መጫወቻ በታብሌት ትነዳለች።

"ነይ እዪማ ሂስከ" አለች ፌና ቀና ሳትል። "ትዕዛዙን በተራ ትሰጫታለሽ፤ ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደ ግራ... ማንቆርቆሪያው ጋ ላደርሳት ነው።"

መጫወቻዋ ማንቆርቆሪያውን አልፋ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ተሻግራ ቦዩ ውስጥ ጠለቀች። ፌና ደረቷን ይዛ ሳቀች። ሪክስት እጇን እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ከታ ስትፈልግ እሷም ሳቀች።

"ፌና፣ መረቡን አቀብዪኝ እንጂ፣ ቆመሽ ትስቂያለሽ?"

ሂስከ የሰማችው "አቀብዪኝ" የሚለውን ነው። ሪክስት እሷን "እርስዎ" ነበር የምትላት። ተገቢ ነው፤ በዕድሜ እናቷ ትሆናለች። ፌና ግን ከሂስከ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። መቼ ነው እንዲህ የተቀራረቡት? ማን ፈቀደ? ሂስከ መጻሕፍቱን አስቀመጠችና ሌላ ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች። ቦታው ነፋስ ነበረው።

ሻይ ተቀዳ፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ብስኩት ታደለ፤ ወሬው ወደ መጻሕፍቱ ዞረ። ሂስከ ገና ሁለቱን ብቻ ነበር የጨረሰችው። ሪክስት ግን ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ታሪካቸውን ብቻ አይደለም፤ የትኛው ገጽ ላይ ልጆች እንደሚቁነጠነጡ፣ የትኛው ላይ ዝም እንደሚሉ ሳይቀር ታውቃለች።

"እኔ በጣም የወደድኩት ግድቡን የሚጠብቀውን ሽማግሌ ነው" አለች።

"እሱንማ እኔ ጥዬዋለሁ" አለች ሂስከ። "'ውሃው መጣ፣ ሽማግሌው ጠበቀ፤ ውሃው መጣ፣ ሽማግሌው ጠበቀ።' ደራሲው ሌላ ዓረፍተ ነገር ያለቀበት ይመስላል።"

"በጆሮ ሲሰሙት ግን..." ብላ ሪክስት ጀመረችና ተወችው። "ምናልባት እርስዎ ልክ ነዎት።"

"ልክ አይደለችም" አለች ፌና እየሳቀች። "ሂስከ አንዴ ከጠላች ጠላች ነው። አትፍሪያት።"

ቀልድ ነበር። ድሮ ቢሆን ሂስከም አብራ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን የመመለሻውን መንገድ ሁሉ "አትፍሪያት" የምትለዋን ቃል እያላመጠች ብስክሌቷን ነዳች።

ከዚያ ወዲያ በጋው ውድድር ሆነባት። ከትምህርት ቤት አንድ ታብሌት ወስዳ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ዎበ የወተት መኪና ሲያሽከረክር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጋዜጣውን ከፊት ገጽ እስከ ሐዘን ማስታወቂያው የሚያነብ ሰው ነው። ከጋዜጣው በላይ እያየ ያዳምጣታል። ታብሌቱ የተናገሩትን ይጽፋል ተብላ ነበርና ወደ እሱ ጎንበስ ብላ ትናገራለች።

"ጥጃዋ ወደ ግርግም ገባች።"

ታብሌቱ ጻፈ። ዎበ አንገቱን አስግጎ አየ።

"'ጥጃዋ ወደ ግርግር ገባች' ይላል። ፖለቲካ ጀምራለች ማለት ነው።"

"ዝም በል እስቲ። ግርግም። ግር-ግም።"

"አሁን 'ግርማ' አለ። ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።"

ሂስከ ታብሌቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ዎበ ጋዜጣውን አጠፈ።

"በጋ ነው እኮ። ሌላ ጊዜ አሁን ጀልባው ላይ ነበርሽ። ያቺ ልጅ ናት አይደል?"

"የቷ ልጅ?"

"እሺ። የቷም ልጅ አይደለችም።"

ማንበቡንም በእልህ ያዘችው። ድሮ አንድ መጽሐፍ ሲያልቅባት ቅር ይላት ነበር፤ ጥቂት ቆይታ፣ ሥዕሎቹን መልሳ ገልብጣ ነበር የምትከድነው። አሁን የመጨረሻውን ገጽ ሳትጨርስ እጇ የሚቀጥለውን ያነሳል። ምን እንዳነበበች ዎበ ሲጠይቃት አንዱን ከአንዱ ትደባልቃለች። ጀልባዋ ጋ ስትሄድም የምትፈልገው ሪክስት ያልደረሰችበትን መጽሐፍ ማግኘት ነው። አንድ ጊዜም አላገኘችም። ይህቺ ልጅ መቼ ታነባለች? እያለች ታብሰለስል ጀመር።

መልሱን ያገኘችው ሳትፈልገው ነው። አንድ ማለዳ የረሳችውን ሹራብ ልታመጣ ወደ ቦዩ ሄደች። ፌና ገበያ ወጥታ ነበር። ከጀልባዋ ድምፅ ሰማች፤ ሰው የማይመስል፣ ሳይተነፍስ የሚያነብ የሴት ድምፅ። ጠጋ አለች። ሪክስት በሆዷ ተኝታለች፤ አጠገቧ ታብሌቱ ያነባል። መጽሐፉ ፊቷ ተዘርግቷል፤ ጣቷ ከድምፁ ኋላ ኋላ መስመሩን ይከተላል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሂስከ ይህን ጣትና ይህን ከንፈር ታውቃለች። በየዓመቱ ክፍሏ ውስጥ ታያቸዋለች፤ ግን ስድስትና ሰባት ዓመት ልጆች ላይ።

ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ወለሉ ተንቀጠቀጠና ሪክስት ዘላ ተነሳች። ፊቷ ቀላ።

"ያየኛል ብዬ አላሰብኩም... ማለቴ ማንም..."

"ምንድነው የምታደርጊው?"

ሪክስት ታብሌቱን ዘጋችው። መደበቁ እንደማያዋጣ ገብቷት ተናገረች። "ፊደሉ አይረጋልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አንዱን ገጽ ሳነብ እርስዎ ምዕራፉን ይጨርሳሉ። ትምህርቱን ሁሉ ያለፍኩት እየሰማሁ ነው። ፌና ታውቃለች፤ ሄሰል ግን አያውቅም። ኮንትራቴ እስኪታደስ ድረስ..." ቀና ብላ አየቻት። "እባክዎ አይንገሩብኝ።"

"አልናገርም" አለች ሂስከ።

ሹራቧን ይዛ ስትመለስ ደስታ የመሰለ ነገር ተሰማት። ደስታ መሆኑን ስታውቅ አፈረች። እፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ "ፌና ታውቃለች" የሚለው ገፍቶ አወጣው። ፌና አውቃ ስንት ቀን ጀልባው ላይ አብረው ሲቀመጡ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም። ድሮ ፌና ጥርሷን ሲያማት እንኳ መጀመሪያ የምትነግረው ለሂስከ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ የመንደሩ በዓል ደረሰ። ሜዳው ላይ ትልቅ ድንኳን ተተከለ። ወጣቶቹ ረጅም እንጨት ይዘው ቦይ እየዘለሉ ይወዳደራሉ፤ ውሃው መሐል ለሚወድቀው የበለጠ ይጨበጨብለታል። ድንኳኑ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣና ቢራ አለ። ሂስከና ዎበ፣ ፌና፣ ሪክስትና ሄሰል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሁለት ሦስት ወላጆችም ወንበር ስበው ተቀላቀሏቸው።

አንዲት እናት ወደ ሪክስት ዞራ "ልጄ ቤት ገብታ የምታወራው ስለ አንቺ ብቻ ነው" አለች። "ዘንድሮስ ምን አገኘሽልን?"

ጥያቄው የሂስከ ነበር። ስንት ዓመት ለእሷ ሲቀርብ የኖረ ጥያቄ ነው። ሂስከ ብርጭቆዋን አነሳች።

"ይህቺ ልጅ እኮ በዚህ በጋ ያነበበችውን እኔ በዓመት አላነብም" አለ ሄሰል። "እንደዚህ ያለች አንባቢ ይዘን እንዴት እንለቃታለን?"

ሪክስት አንገቷን ደፋች። ፌና እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና "ዕረፍት ይገባታል" አለች። "ለዚህ ነው ወሩ ሲያልቅ ጀልባዋን ይዘን ባሕሩ ላይ ወዳሉት ደሴቶች የምንሄደው። ሁለታችን ነን፤ አራት ቀን።"

"ለእኔ አልነገርሽኝም" አለች ሂስከ።

"አንቺማ ባሕር ያዞርሻል። ከሐይቁ ወጥተሽ አታውቂም።"

"ብትጠይቂኝስ?"

"ሂስከ፣ ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።"

"ታዲያ እምቢ እንድል ጠይቂኛ።"

ዎበ እግሯን በእግሩ ነካ አደረገ። ፌና ሳቀች፤ ሪክስትም ነገሩ እንዲበርድ ብላ ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ ናት ነገሩን ያባሰችው። ሂስከ አፏ ሲከፈት ራሷ ሰማችው።

"አንባቢ ትላላችሁ! አንድ መጽሐፍ አላነበበችም እኮ። ማሽኑ ነው የሚያነብላት። እሷ ፊደሉ ይተራመስባታል፤ እንደ ክፍሌ ልጆች በጣቷ ነው የምትከተለው። ልጆቻችሁን ንባብ የምታስተምረው እሷ ናት እንግዲህ።"

ውጪ አንዱ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሰው ሲጮህ ተሰማ። እናትየዋ ሪክስትን አየች፣ ሄሰልን አየች፣ ከዚያ ቢራዋን። ሪክስት ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"አምኜዎት ነበር" አለችና ተነስታ ወጣች።

ፌናም ተነሳች። ልትከተላት ስትል ዞር ብላ ሂስከን አየቻት። ያልተቆጣ ፊት ነበር፤ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ዓይነት።

"ደስ አለሽ?" አለቻት። መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ዎበ የቤታቸውን በር ሲከፍት "መልካም ነገር አይደለም ያደረግሽው" አለ። ከዎበ አፍ ይህ ብዙ ነው።

በማግሥቱ ዝናብ ያዘ። ሂስከ ፌና ጋ ደወለች፤ አላነሳችም። ደግማ ደወለች። ከዚያ የምታደርገው ስታጣ ታብሌቱን ወሰደችና ሪክስት እንዳደረገችው ወንበሩ ላይ ጋደም ብላ የግድቡን ሽማግሌ ከፈተች። ለምን እሱን እንደመረጠች አታውቅም። ድምፁ ያው የማይተነፍሰው ነው። "ውሃው መጣ፣ ሽማግሌው ጠበቀ።" መጀመሪያ አናደዳት። ሦስተኛው ላይ ለመስኮቱ ዝናብ ጆሮዋን ሰጠች። ከዚያ "ውሃው መጣ" ሲል፣ ሽማግሌው ይኖር ይሆን ወይስ አይኖር ብላ ትንፋሿን መያዟን አወቀች። መጨረሻ ላይ ውሃው ይመጣል፤ ስለ ሽማግሌው ምንም አይባልም። በዓይኗ ስታነበው ይህን ዘልላው ነበር። ሂስከ ተነስታ የዝናብ ካፖርቷን ለበሰች።

ሪክስት የምትኖረው ከብስክሌት መጠገኛው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሩን ከፈተችላት፤ ግቢ ግን አላለቻትም። ከኋላዋ አልጋው ላይ ክፍት ሻንጣ ይታያል።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አለች ሂስከ።

"ሰማሁ።"

"መናገር አልነበረብኝም። ቃል ሰጥቼሽ ነበር።"

"ለምን ተናገሩ? ያልገባኝ እሱ ብቻ ነው። ምን አደረግሁዎት?"

ካፖርቷ ውሃ ያንጠባጥባል። ሂስከ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ድካም፣ ስለ ቢራው። ሁሉም ጠፋባት።

"ቀናሁብሽ" አለች። "በፌና ቀናሁብሽ። በመጻሕፍቱም። ትራሱ ላይ በመቀመጥሽ ሳይቀር ቀናሁብሽ።"

"በእኔ?" አለች ሪክስት፤ አሁን ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበር። "እርስዎ አንዱን መጽሐፍ አንስተው፣ ቆመው፣ ሻይ እየጠጡ ያነባሉ። እኔ ያንን ለማግኘት ምን እንደምሰጥ ያውቃሉ? ትናንት ሰው ሁሉ ፊት ተመልሼ ሰባት ዓመቴ ሆንኩ። ደግሞ ቀናሁብሽ ይሉኛል።"

"አዎ።"

"ይቅርታዎን ሰምቻለሁ። ምን እንደማደርግበት ግን ገና አላውቅም።" በሩን ዘጋችው፤ በኃይል አልነበረም።

ሂስከ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሄሰል ቤት ሄደች። ሄሰል ጓሮው ውስጥ በዝናብ ብስክሌት ያጥብ ነበር። የተናገረችው በቅናት መሆኑን ነገረችው፤ ልጆቹ የትኛው ገጽ ላይ ዝም እንደሚሉ ሪክስት ከእሷ የተሻለ እንደምታውቅም ነገረችው። ይህን ማለት ከይቅርታው ይልቅ ከበዳት።

"ሦስት ወላጆች ደውለውልኛል" አለ ሄሰል።

"ልታባርራት ነው?"

"ሁለቱ የደወሉት የእነሱም ልጅ እንደሷ ስለሆነ ነው።" ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። "እሷ ራሷ ትሄዳለች ብዬ ነው የምፈራው።"

ሪክስት አልሄደችም። ያስቀራት ፌና ትሁን፣ ሄሰል ይሁን፣ የራሷ እልህ ይሁን ሂስከ አልጠየቀችም። ትምህርት ሊጀመር ሲል በተደረገው ስብሰባ ላይ ግን ትልቁ ሰሌዳ ፊት ቆማ ተናገረች። መጀመሪያ እንዴት እንደምታነብ በራሷ አፍ ነገረቻቸው። ከዚያ የሽማግሌውን ታሪክ ከፈተች፤ ድምፁ ሲያነብ ቃላቱ ሰሌዳው ላይ በየተራ ቀለም እየለበሱ አለፉ። ጎልማሶቹ መምህራን ጸጥ አሉ። ሂስከ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር፤ ጥሩነቱ ደግሞ ወጋት።

በዚያው ስብሰባ ሄሰል ፊደል የሚከብዳቸው ልጆች በየጠዋቱ ከሪክስት ጋር እንዲያነቡ ወሰነ። ክፍል የለምና የሂስከ ክፍል ጥግ፣ ምንጣፉና መደርደሪያው ያለበት፣ ለእነሱ ተሰጠ። "ይቻላል አይደል?" አላት። "ይቻላል" አለች። መደርደሪያውን ራሷ ባዶ አደረገችላቸው። ሪክስት አመሰገነቻት፤ በጨዋነት፣ ከ"እርስዎ" ሳትወርድ።

ወደ ደሴቶቹ ፌና ብቻዋን ሄዳ ተመልሳ ነበር። ከሂስከ ጋር ሰላምታ ጀምረዋል፤ ስለ አየር ሁኔታም ያወራሉ። ስለ በዓሉ ቀን ግን ፌና አንድ ቀን ብቻ፣ ቅጠል ከጀልባዋ ላይ እየጠረጉ ሳለ፣ አነሳችው።

"ብጠይቅሽ ትመጪ ነበር?"

"አልመጣም ነበር" አለች ሂስከ። "ያዞረኛል።"

"እኮ።"

"ግን ልትጠይቂኝ ይገባ ነበር።"

ፌና መጥረጊያዋን ተደገፈች። "ይገባኝ ነበር" አለች። ከዚያ መጥረጓን ቀጠለች።

መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ሂስከ ልጆቿን ወደ ስፖርት ሰድዳ ወደ ሻይ ክፍል ስትሄድ ከውስጥ ሳቅ ሰማች። የፌና ሳቅ ነው፤ ያ ደረት የሚያስይዘው። የሪክስትም አለበት። ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ያው ቅናት መጣ፤ ከደረቷ ሥር፣ የተለመደው ቦታ ላይ። ይለቀኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልለቀቃትም። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ብቻዋን ብትቀመጥ ማንም ለምን አይላትም ነበር።

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሳቁ ለአፍታ ተቋረጠ። ፌና አግዳሚው ላይ ጠጋ አለች፤ ሪክስት ሻይ ማንቆርቆሪያውን ወደ እሷ ገፋችላት።

"ምንድነው የሚያስቃችሁ?" አለች ሂስከ እየተቀመጠች።

ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ ሪክስት ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት።